የእንጦጦ እንጨት ያስተማረው

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እንጦጦ ላይ የከተሙት ጦርነትን እንጂ ኑሮን አስበው አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከሚያልፈው ጋራ ላይ ሆኖ በደቡብ የፊንፊኔን ሜዳ፣ በሰሜን የሱሉልታን አፋፍ መቃኘት ይቻላል። ጠላት ሳይደርስ ይታያል። ኑሮው ግን ፈተና ነበር። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ክረምቱ መብረቅ ይበዛዋል፣ እህሉም ውኃውም ሽቅብ በሸክም ነው የሚወጣው። እቴጌ ጣይቱ ከፍልውኃው አቅራቢያ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ ከተማው ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር።

ሕዝቡ ከጋራው ሲወርድ ጫካውንም ይዞ ወረደ። ጽዱ ለምሰሶና ለጣራ፣ ወይራው ለማገዶ ተቆረጠ። መኳንንቱ በየሰፈራቸው አጥር ሲያጥሩ፣ ወታደሩ ጎጆ ሲቀልስ፣ ግብር ቤቱ ለሺህ ሰው ሲጥል ሁሉም እጁን የሚዘረጋው ወደ እንጦጦና ወደ የካ ተዳፋት ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ለዚህ ችግር የታወቀ መፍትሔ ነበራቸው፦ በዙሪያው ያለው እንጨት ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ። አዲስ አበባ ግን ከዐድዋ ድል በኋላ የጦር ሰፈር ብቻ አልነበረችም። ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች እየመጡ ሌጋሲዮን፣ ማለትም የመልእክተኛ መሥሪያ ቤት፣ የሚሠሩበት መሬት ተሰጣቸው። እንግሊዞች በየካ በኩል ከጋራው ግርጌ ሰፊ ግቢ አገኙ፤ የፈረንሳይ ሌጋሲዮንም እስከ ዛሬ ስሙን ለሰፈሩ ሰጥቶ በዚያው አቅጣጫ ይገኛል። ነጋዴውም፣ አናጢውም፣ ግንበኛውም ከተማው ውስጥ ሥር ሰደደ። የማገዶው መንገድ ግን በየዓመቱ ይረዝም ነበር።

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ወደ አሮጌው ዘዴ ተመለሱ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በጫካ በተከበበ ስፍራ፣ አዲስ ዓለም የተባለ አዲስ ዋና ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ፣ መንገድ ተጠረገ። ግንባታው ግን መንግሥቱ ሳይዛወርበት ቀረ፤ የታነጸውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ ሳትነቀል የቀረችበት አንዱ ምክንያት ከጥቂት ዓመታት በፊት በጓሮ መተከል የጀመረ የባዕድ አገር ዛፍ ነበር።

የዛፉ መምጣት

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ከዚህ ጋር ስሙ አዘውትሮ የሚነሳው ካዚሚር ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰውየው ጋዜጠኛም፣ የምኒልክ አማካሪም፣ የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊም ነበር። ነጩ ባሕር ዛፍ የተገኘው ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ከምትገኘው የታስማንያ ደሴት ነው። በዘመኑ በደቡብ አውሮጳ፣ በሰሜን አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ እንጨት ባጠራቸው አገሮች ሁሉ እየተተከለ ነበርና ወደ ሸዋ መድረሱ ብቻውን አያስደንቅም። ልዩ የሚያደርገው አንድ ዋና ከተማ ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ መቆሙ ነው።

ዛፉ ለእንጦጦ አየር የተፈጠረ ይመስላል። ብርድ ይችላል፣ በስስ አፈር ይበቅላል፣ ከብት ቅጠሉን አይነካውም። ዋናው ጠባዩ ግን ከተቆረጠ በኋላ የሚታየው ነው። ጽድ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ፤ ችግኝ ተክሎ የልጅ ልጅን መጠበቅ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ላይ በርካታ ቀንበጦች ያቆጠቁጣል። ባለቤቱ ከመካከላቸው ቀጥ ያሉትን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን ይመነጥራል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ለቤት ሥራ የሚሆን አጣና ይደርሳል። ያ ሲቆረጥ ጉቶው እንደገና ይጀምራል።

ይህ ጠባዩ ገንዘብ እንደሚያስገኝ የከተማው ሰው ቶሎ ገባው። ቤተ መንግሥቱ ችግኝ እንዲሰራጭ ማድረጉና ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን መፍቀዱ በታሪክ ይጠቀሳል። መኳንንቱ ለእህል የማይመች ተዳፋት መሬታቸውን በዛፍ ሸፈኑት። ታርሶ የማያበላ መሬት በየስድስት ዓመቱ ብር የሚያመጣ ሆነ። ልጅ ሲዳር፣ ተዝካር ሲደገስ፣ ዕዳ ሲመጣ የጓሮው ባሕር ዛፍ ይሸጣል፤ ባንክ ባልነበረበት ከተማ ዛፉ የቁጠባ ደብተር ሆነ።

ከተማው ባለበት ሲጸና ሌላው ተከተለ። የካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራ ጀመረ። በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1900ዎቹ መጨረሻ የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐዲድም ነገ በሚነቀል ከተማ ላይ አይሠሩም። የአዲስ አበባን የፋይናንስና የትምህርት ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ተቋማት ከመዘርዘሩ በፊት የማገዶውን ጉዳይ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ያልተፈጸመው ትእዛዝ

ባሕር ዛፍ እንደ ተስፋፋ ቅሬታውም መጣ። ምንጮች ደረቁ፣ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፣ አጠገቡ የተዘራ እህል ይቀጭጫል ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ ለሐር ትል ምግብ የሚሆነው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። አልተፈጸመም።

ለምን እንዳልተፈጸመ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ትእዛዙ ስለ ውኃ ያሰበ ነበር፤ በዚያ ረገድም ስጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ስለ ገበያ ግን አላሰበም። እንጆሪ ምሰሶ አይሆንም፣ ለምጣድ አይነድም፣ ሐሩንም የሚገዛ ገበያ አልተዘጋጀም። ባለ ዛፉ ሰው በእጁ ያለውን ብር ነቅሎ ያልታወቀ ነገር እንዲተክል ነበር የተጠየቀው። አንድን ጉዳይ በአንድ ዕውቀት ብቻ አይቶ የሚወጣ ውሳኔ እንዲህ መና ሲቀር አዲስ አበባ ያየችው ያኔ ነው፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ትምህርት ቤቶቹ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው አጥታ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ኮተቤ ያኔ ከከተማው የራቀ ገጠር ነበር። ተማሪዎቹ አዳሪ ነበሩ፤ በርካቶቹም ኋላ ወደ ውጭ አገር ተልከው በየሙያው ተመልሰዋል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሥራ ጀመረ። ሥራው መሐንዲስ ማሠልጠን ብቻ አልነበረም፤ የሕንፃ ዕቃ መፈተሽና ምርምርም ነበረበት። ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከግቢው በር ቀና ብሎ ለሚያይ ተማሪ እንጦጦ ፊት ለፊቱ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ከተማው የተሠራበትን ዕቃ የሚያውቁት ምሁራን ሳይሆኑ አናጢዎች ነበሩ። የአዲስ አበባ ቤት በአብዛኛው የጭቃ ቤት ነበር። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው፤ በመሐሉ ጭድ የተቦካበት ጭቃ ይመረግበታል፣ በላዩ ቆርቆሮ ይመታል። አናጢው ዛፉን ለምን ሳይሰነጥቅ ድቡልቡሉን እንደሚጠቀምበት በልምድ ያውቃል። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ስለሚያድግ ግንዱ በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቆያል። የውጭው ክፍል ለመሰብሰብ፣ የውስጡ ለመለጠጥ ይታገላሉ። ግንዱ ሙሉ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ተሳስረው ይቆማሉ፣ እንዲያውም ለንፋስ ያጠነክሩታል። መጋዝ ሲገባበት ግን ትስስሩ ይፈታል፤ ጣውላው ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅም ይብሳል። አጣናውን ድቡልቡሉን ማቆም እንጂ ጣውላ አድርጎ መቸርቸር ያላዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ጫፉን ደግሞ ምስጥና እርጥበት ይበሉታልና ሠራተኛው የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። የቁስ ሳይንስ መጻሕፍት ስለ ፈጣን አብቃይ ዛፎች የሚያስተምሩትን ነገር የአጣና ተራ ነጋዴ በእጁ ያውቀው ነበር።

ከጀርመን የመጣ ቀለበት

በ1950ዎቹ ሮናልድ ሆርቫዝ የተባለ አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ተመራማሪ አዲስ አበባ መጣ። ያየው ነገር በመጽሐፍ ያነበበውን አስታወሰው። ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቱነን የተባለ ጀርመናዊ የመሬት ባለቤትና የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1826 አንድ ጥያቄ አንስቶ ነበር፦ በሜዳ መካከል ብቻዋን የቆመች ከተማ ብትኖር፣ ሁሉም ነገር በእንስሳ ጭነት የሚገባ ቢሆን፣ ገበሬው በየርቀቱ ምን ይተክላል? መልሱ በከተማዋ ዙሪያ የተደረደሩ ቀለበቶች ነበሩ። ቶሎ የሚበላሸው ወተትና አትክልት ከከተማዋ ጥግ፣ እንጨት በሁለተኛው ቀለበት፣ እህል ከዚያ ወዲያ፣ የከብት ግጦሽ በመጨረሻው። እንጨት ለምን ቀረበ? ከባድ ነው፣ ዋጋው ግን ትንሽ ነው። ከሩቅ ቢመጣ የአህያው ኪራይ የእንጨቱን ዋጋ ይበላዋል።

አውሮጳ በባቡርና በድንጋይ ከሰል ዘመን ይህን ቀለበት ከረሳች ቆይታለች። አዲስ አበባ ግን በአህያና በሰው ጀርባ የምትቀለብ ከተማ ነበረች፤ ዙሪያዋንም በባሕር ዛፍ ደን ተከባ ነበር። ሆርቫዝ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ከተማዋ የባሕር ዛፍ ደን በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጻፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፎን ቱነንን ሐሳብ ከአዲስ አበባ አካባቢ ጋር አገናዝቦ በአሜሪካ ጂኦግራፈሮች ማኅበር መጽሔት አሳተመ። የእንጦጦና የየካ ተዳፋት የዓለም የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ተማሪዎች የሚያነቡት ምሳሌ ሆነ።

ጥናቱ ለኢትዮጵያውያን አንድ ትልቅ ነገር ይናገር ነበር፦ ደኑ የቆመው በተፈጥሮም በትእዛዝም ሳይሆን በትራንስፖርት ዋጋ ነው። የትራንስፖርቱ ዋጋና የማገዶው ፍላጎት እንዳሉ ሆነው ደኑን በአዋጅ ማጥፋትም ሆነ በአዋጅ መጠበቅ ከባድ ነው። ይህ ትምህርት ወደ ፖሊሲ ሳይገባ በመደርደሪያ ላይ ቀረ።

በዚያው ወቅት እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኮተቤ ተዛወረ። ከባሕር ዛፉ ደን ግርጌ በየዓመቱ መምህራን እየተመረቁ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዱ። ተቋሙ ስሙና ደረጃው ብዙ ጊዜ ተቀያይሮ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

የሸክሙ ሒሳብ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። የመኳንንቱ ባሕር ዛፍ በአንድ ቀን ባለቤቱን ለወጠ። በእንጦጦና በየካ ጋራዎች ላይ የመንግሥት ደን፣ የመንግሥት ጥበቃ ቆመ። ዛፉ ለመኳንንቱ መጠባበቂያ መሆኑ ቀረ። የከተማው ምጣድ ግን አልቀዘቀዘም። የሚበላው ሕዝብ በዝቷል፤ የሚነደውም እንጨት ከዚያው ጋራ ነው የሚመጣው። በሕጋዊ መንገድ የማይወርደው በሴቶች ጀርባ መውረድ ጀመረ።

ከየካ ሚካኤል በላይ ወይም ከኪዳነ ምሕረት ወገን ያለውን የጠዋት መንገድ የሚያውቅ አዲስ አበቤ ይህን ትዕይንት አይረሳም። ሴትየዋ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ጭራሮ ትለቅማለች፣ የወደቀ ቅጠል በእጇ ትጠርጋለች፤ ቅጠሉ ቶሎ ስለሚንቀለቀል ለእንጀራ ይፈለጋል። ሸክሙን መሬት ላይ በገመድ ጠፍራ ታስረዋለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፣ ገመዱን በደረቷ ላይ ታሳልፋለች፤ ከዚያ በእጇ መሬት ተደግፋ፣ ጎንበስ እንዳለች ትነሳለች። ቀና ብላ የምትሄድበት ጊዜ የለም። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። መንገድ ላይ ጥበቃ ካገኛት እንጨቱ ይወረሳል፣ የቀኑ ልፋት ይቀራል። ካላገኛት በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወይም በኮተቤ ገበያ ሸጣ የልጆቿን እራት ትገዛለች።

ኋላ ተመራማሪዎች እነዚህን ሴቶች ቆጥረው ስለ እነሱ ጻፉ። ፍቅርተ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1989 በካናዳ የአፍሪካ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጣችው ጽሑፍ የማገዶ ተሸካሚ ሴቶችን ከከተማዋ የኃይል አቅርቦት ጋር አያይዞ ያየ ነው። የዚህ ጥናት ክብደቱ ሴቶቹን የደን ሌባ ወይም ምስኪን ከማለት አልፎ የአንድ ትልቅ ንግድ ሠራተኞች አድርጎ መመልከቱ ነው። ሸክሙ ይመዘናል፣ ርቀቱ ይለካል፣ ገቢው ይሰላል፣ የሚቀማው ይቀነሳል። ሂሳቡ ሲዘጋ የሚታየው እውነት ግልጽ ነበር፦ ሴቶቹ ጋራው ላይ የሚወጡት ሌላ ሥራ ስለሌላቸው ነው፤ ስለዚህ ደኑን ለማትረፍ የሚፈልግ ለሴቶቹ ሥራ ይፈልግ። ኋላ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተመሥርቶ በሽመና የተሠሩ ነጠላና ሻርፕ ለገበያ ያቀረበው ከዚህ ሐሳብ በመነሳት ነው።

ጉልቻው ሲቀየር

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እንጀራ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚያነደው እንጨት ብዙውን የሚበላው ምጣድ ነው። ስፋቱ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ነበልባሉ በየጎኑ ያመልጣል፣ ነፋስ ይገባል፣ ጭሱ የጋጋሪዋን ዓይን ያቃጥላል። ሙቀቱ ከምጣዱ ይልቅ ማድ ቤቱን ያሞቃል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥት የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በዓለም ባንክ ብድር በሚካሄድ ፕሮጀክት ውስጥ ይህን ችግር ያዙት። ያወጡት ምድጃ ምርጥ ተባለ። ሲሚንቶና ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቦክቶ በብረት ቅርጽ ማውጫ ይፈሰሳል። አራት የግድግዳ ቁራጮች ገጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ከኋላው ሁለት ቁራጮች ጭሱን አስወጥተው ድስት ያስቀምጡበታል። ፑሚስ በውስጡ አየር የሞላ ቀዳዳ ስላለው ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ያውም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በአገር ቤት የሚገኝ ነው። ሲሚንቶው ደግሞ ቅርጹን ይይዛል። ሠራተኛው ቁራጮቹን ከቅርጹ አውጥቶ ወዲያው አይሸጥም፤ ለቀናት ውኃ እያጠጣ ያጠነክረዋል። ይህን የዘለለ ምድጃ በመጀመሪያው ወር ይሰነጠቃል። በማብሰል ፈተና ምርጥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ወጪ ወደ ግማሽ ቀንሷል።

በዚያው ዘመን ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ወጣ፤ የኬንያን የሸክላ ሽፋን ያለው ምድጃ ተከትሎ የተሠራ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ የሚገጠመው ሸክላ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የከሰሉን ወጪ በሩብ ያህል ይቀንሳል።

ከቁሱ ይልቅ የሚደንቀው ግን አሠራሩ ነው። መሥሪያ ቤቱ ምድጃውን አምርቶ በነጻ አላደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን፣ የሲሚንቶ ሠራተኛውን አሠለጠነ፤ ዋጋውን ለገበያ ተወ፤ ማስታወቂያውን ሠራ። አምራቹ ለብረት ቅርጹ የሚከፍለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ የቤት እመቤቷም ምድጃው በቆጠበው እንጨት ዋጋውን በስንት ወር እንደሚመልስ ማወቅ ትፈልጋለች። አንዱ ምርምር የቁስ ሳይንስንም፣ ፋይናንስንም፣ ንግድንም፣ ትምህርትንም ጠቀለለ። ኋላም የጀርመኑ የልማት ተቋም ጂቲዜድ የምርጥ ምድጃን ሥራ ይዞ በየክልሉ አምራች ሲያሠለጥን መንገዱ ያው ነበር። በምርምር ተቋም ወጥቶ ሻጭና ገዢ ያገኘ፣ ከአዲስ አበባ አልፎ በየወረዳው ከተማ የተመረተ ነገር በአገራችን ብዙ አይደለም። ምርጥ አንዱ ነው።

የኋለኛው ዘመን

የካ በ1980ዎቹ መጨረሻ መልኩን ቀየረ። ሲኤምሲ፣ አያትና መሪ የሚባሉ ሰፈሮች ሰፉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በዚያው በክፍለ ከተማው ተቋቁሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕግ፣ የሂሳብ፣ የኢኮኖሚና የከተማ ልማት ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጭቃው ቤት በብሎኬት ተተካ። ባሕር ዛፉ ግን ከከተማው አልወጣም፤ የፎቁ ግንባታ መወጣጫና የሲሚንቶው ሙሊት መደገፊያ ሆኖ ዛሬም በየሕንፃው ዙሪያ ቆሟል።

በጋራው ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሳይንስ መጣ። ከምዕራብ ወገን፣ በጉለሌ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ705 ሄክታር ላይ የዕፅዋት ማዕከል አቋቁመው ባሕር ዛፉን እሱ በገፋቸው በጽድ፣ በወይራና በኮሶ መተካት ጀመሩ። በጋራው ጫፍ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያለመው ታዛቢ ጣቢያ ተሠራ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉበት። ከሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚበልጠው ወጪ ከሼክ ሙሐመድ አል አሙዲ የተገኘ ነው። ኅብረተሰቡ ከረሀብ ሳይወጣ ኮከብ መቁጠር ምን ይሉታል ያሉ ነበሩ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለጥያቄው አንድ መልስ መጣ። ኢቲአርኤስኤስ አንድ የተባለችው 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ ወደ ጠፈር ተላከች። ወደ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ከሆነው ወጪ ስድስት ሚሊዮን ያህሉን ቻይና ሸፈነች። ምስሉን የሚቀበለው ጣቢያ የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው። ዓላማዋም እርሻን፣ ውኃንና ደንን መከታተል ነበር። ሆርቫዝ እየዞረ የተመለከተውን ቀለበት እንጦጦ ከሰማይ በሚመጣ ምስል ማየት ቻለ። ቴሌስኮፖቹ ግን የራሳቸው ችግር አለባቸው። ክረምቱ ደመና ነው፤ የከተማው መብራት ደግሞ በየዓመቱ እየደመቀ የሌሊቱን ሰማይ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎቹ ዓይናቸውን ወደ ላሊበላ አካባቢ ከፍታዎች አድርገዋል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ሸክም የወረደበት ተዳፋት የመዝናኛ ስፍራ ሆነ።

መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ሳይለወጥ ይታያል። ዛፉ የተሳካው እንጨቱ፣ ግብሩና ገበያው በአንድነት ስለተያዙ ነው። የ1905 ዓ.ም. ትእዛዝ የከሸፈው ገበያውን ስለተወ ነው። የሆርቫዝ ጥናት ያለ ተቀባይ የቀረው ጂኦግራፊው ከአስተዳደሩ ስላልተገናኘ ነው። ምርጥ ምድጃ የተሳካው ፑሚሱን፣ ብድሩንና ሥልጠናውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጠ ነው። አንዱ ያለሌላው ሲቀር ሥራው ወይ በመጽሔት ውስጥ፣ ወይ በአዋጅ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመንግሥት ፋይናንስና አስተዳደር የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በላያቸው ባለው ጋራ ላይ የሳተላይት ጣቢያ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ታክሲ ይበቃል። በጋራው ላይ ደግሞ ጥያቄው ገና አላለቀም፦ ባሕር ዛፉ ምን ያህል ይቀነስ፣ ጽዱ በምን ያህል ዓመት ይተካው፣ ማገዶ ሸጠው የሚኖሩት እናቶች በዚያ መካከል በምን ይኑሩ፣ ወጪውን ማን ይክፈል? ይህን ጥያቄ ለደን ባለሙያው ብቻ፣ ወይም ለኢኮኖሚስቱ ብቻ፣ ወይም ለመምህሩ ብቻ መስጠት የ1905ቱን ትእዛዝ መድገም ነው። የየካ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡ መጀመሪያ ቀና ብለው ጋራውን ይመልከቱ፤ ተማሪዎቻቸውንም ከደኑም፣ ከኢኮኖሚውም፣ ከትምህርቱም ወገን አንድ ላይ ይላኩ።